ምዕራፍ ሰባት፦ ባዶው ሰማይ ለምን ይጨናነቃል?

ከአየርላንድ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን አንድ ሰዓት ሳይሞላው ከራዳር ዓይን ይሰወራል። ብልሽት ስላለ አይደለም። የራዳር ሞገድ ቀጥ ብሎ ይጓዛል፣ መሬት ደግሞ ክብ ናት፤ በ36,000 ጫማ ላይ የሚበር አውሮፕላን እንኳ ከጣቢያው 430 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ከአድማስ በታች ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ የካናዳ ራዳር እስኪቀበለው ድረስ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ አለ። ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚህ ውሃ ላይ የሚያልፍን አውሮፕላን ከመሬት ሆኖ የሚያይ ማንም አልነበረም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብሊን በኩል ዋሽንግተን በሚገባው በረራ የሄደ ሰው ይህን ክልል ያቋረጠው ምናልባት ተኝቶ ነው፤ ከፊት የነበሩት አብራሪዎች ግን ሥራ ላይ ነበሩ።

ሥራቸው ይህን ይመስል ነበር። አውሮፕላኑ ከግሪኒች 30 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ሲደርስ ረዳት አብራሪው የኤችኤፍ ሬዲዮውን ያነሳና በጩኸትና በፉጨት መካከል ሪፖርቱን ያነባል፦ የበረራ ቁጥር፤ 53 ሰሜን፣ 30 ምዕራብ፣ ሰዓት 0742፤ ከፍታ 360፤ 40 ምዕራብ ላይ በ0831 እደርሳለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ 50 ምዕራብ። በሌላው ጫፍ የሚሰማው ተቆጣጣሪው ራሱ አይደለም። የሬዲዮ ኦፕሬተር ነው፤ የሰማውን መልሶ ያነብለታል፣ ይጽፈዋል፣ ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ያስተላልፈዋል። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ስለሚንጫጫ አብራሪዎች ድምፁን ዘግተው ይቆያሉ፤ ኦፕሬተሩ ሲፈልጋቸው የአውሮፕላኑን መለያ ቃና ይልካል፣ ኮክፒት ውስጥ ደወል ይጮኻል። ቀጣዩ ሪፖርት ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው።

(በዚህ ምዕራፍ ማይል ስል የባሕር ማይል ማለቴ ነው፤ አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወሮቹና ዓመቶቹ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን በተቆጣጣሪው ወንበር እንቀመጥ። የውቅያኖሱን ምሥራቃዊ ግማሽ የሚመራው በስኮትላንድ ፕሬስትዊክ ያለው የሻንዊክ ማዕከል ነው፤ ምዕራባዊውን ደግሞ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ያለው ጋንደር። ተቆጣጣሪው ፊት ያለው አውሮፕላን ሳይሆን ስለ አውሮፕላን የተነገረ ወሬ ነው፤ ወሬውም እስከ 50 ደቂቃ ሊያረጅ ይችላል። ንፋሱ ከተተነበየው በርትቶ ይሆናል። አብራሪው አንድ ቁጥር አሳስቶ አስገብቶ ይሆናል። የኋለኛው አውሮፕላን የፊተኛውን እየደረሰበት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሊሆን ስለሚችል፣ በአንድ መስመርና በአንድ ከፍታ የሚከተሉ ሁለት ጄቶች በ10 ደቂቃ እንዲራራቁ ይደረግ ነበር። በደቂቃ 8 ማይል ለሚበር ጄት 10 ደቂቃ ማለት 80 ማይል፣ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። ጎን ለጎን ደግሞ 60 ማይል። በጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ የሚያሽከረክር ሹፌር ከፊቱ ካለው መኪና ጋር የሚጠብቀው ርቀት የመንገዱን ስፋት አይናገርም፤ የሚናገረው ሹፌሩ ምን ያህል እንደማያይ ነው። የሰማይ መለያያ ርቀትም እንደዚሁ ነው።

የሰሜን አትላንቲክ ሰማይ የሚጨናነቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት በዓመት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ በረራ ያልፍበት ነበር፤ ለዚያ ስፋት ይህ ብዙ አይደለም። ችግሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ መፈለጉ ነው። መንገደኛ ከአውሮፓ ጠዋት ተነስቶ አሜሪካ ከሰዓት በኋላ መግባት ይወዳል፣ ከአሜሪካ ማታ ተነስቶ አውሮፓ ሲነጋ መድረስ ይወዳል። ሁሉም በዚያው ሰዓት፣ ወደ ምሥራቅ ከሆነ የከፍታውን ብርቱ ንፋስ ከኋላው አድርጎ፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ንፋሱን ሸሽቶ፣ በዚያው ምርጥ ከፍታ መብረር ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀኑ ለሁለቱም አቅጣጫ እንደ ንፋሱ የሚሰመሩ ትይዩ መስመሮች ይዘጋጃሉ። በአንድ መስመር፣ በአንድ ከፍታ፣ በ10 ደቂቃ አንድ ማለት በሰዓት 6 አውሮፕላን ነበር። ሰባተኛው ዝቅ ብሎ ይበር፣ ወይም ሩቅ መስመር ይሰጠው፣ ወይም ይጠብቅ ነበር። ዙሪያው 100 ኪሎ ሜትር ባዶ ሆኖ ሳለ ቦታ የለም ይባል ነበር።

ይህ ርቀት በግምት የተቆረጠ እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በ1960ዎቹ ራይክ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሁለት አውሮፕላኖች ከመስመራቸው የሚስቱበትን ዕድል፣ ፍጥነታቸውንና መጠናቸውን አገናኝቶ የግጭት ስጋትን የሚያሰላ ዘዴ አወጣ። የዛሬው የዓለም አቀፍ መለኪያ ከዚያ ሥራ የተወለደ ነው፤ ዒላማው በአንድ ቢሊዮን የበረራ ሰዓት ከ5 የማይበልጥ አደጋ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የሒሳብ ይሆናል። አውሮፕላኑ የት እንደሆነ በምን ያህል እርግጠኝነት አውቃለሁ? መረጃው ስንት ጊዜ ያስቆጠረ ነው? ቢሳሳት በምን ያህል ፍጥነት ልነግረው እችላለሁ? ከሦስቱ አንዱ በተሻሻለ ቁጥር ርቀቱ ይቀንሳል። በሰሜን አትላንቲክ በ1997 ከ2,000 ወደ 1,000 ጫማ ዝቅ ያለው የከፍታ ልዩነት፣ በአፍሪካም በ2008 ተግባራዊ የሆነው፣ የተገኘው ሰማዩ ከፍ ስላለ አይደለም፤ የከፍታ መለኪያ መሣሪያዎቹ ስለታመኑ ነው።

ራዳር የመጀመሪያው ትልቅ እመርታ ነበር፤ ወደ ሲቪል ሰማይ በስፋት የገባው ግን በደም ነው። ሰኔ 30 ቀን 1956 የቲደብሊውኤና የዩናይትድ አየር መንገዶች ሁለት አውሮፕላኖች በግራንድ ካንየን ላይ ተጋጭተው 128 ሰዎች አለቁ። ሁለቱም በመልካም አየር፣ ማንም በማያያቸው ሰማይ ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ለራዳር ገንዘብ አፈሰሰች፣ በ1958ም የአቪዬሽን ባለሥልጣኗን በሕግ አቋቋመች። ዛሬ ተቆጣጣሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ራዳር አውሮፕላኑን መትቶ የሚመለስ ሞገድ ብቻ አይጠብቅም፤ ይጠይቃል፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ትራንስፖንደር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ መለያውንና ከፍታውን ይመልሳል። ራዳር ባለበት ሰማይ ርቀቱ ወደ 5 ማይል፣ በአየር ማረፊያ ዙሪያ ወደ 3 ማይል ይወርዳል። 80 የነበረው 5! ነገር ግን ራዳር ውድ ነው፤ ከባድ የሚሽከረከር አንቴና፣ መንገድ፣ መብራት፣ ጥገና ይፈልጋል። ረጅም ርቀት የሚያየው ደግሞ አንድ ዙር ለመዞር 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ባሕር ላይም አይተከልም።

ቀጣዩ ሐሳብ ነገሩን ገለበጠው። አውሮፕላኑን ከመፈለግ ራሱ የት እንዳለ ይናገር። ኤዲኤስ-ቢ የሚባለው ሥርዓት ሌላ ምሥጢር የለውም፦ አውሮፕላኑ ቦታውን ከጂፒኤስ ያገኛል፣ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል በ1090 ሜጋኸርዝ ለሰማ ሁሉ ይለፍፋል። ጠያቂ የለም፣ ምሥጢራዊ ቁልፍም የለም። በጣሪያው ላይ ትንሽ አንቴና ያቆመ የአቪዬሽን ወዳጅ የሚሰማውን ተቆጣጣሪውም ይሰማል። በስልካችን ላይ የበረራ ካርታ የሚያሳዩን መተግበሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት በዚሁ ነው።

ያመጣውን ለውጥ ለማየት ከሁሉ የተሻለው ቦታ የካናዳው ሃድሰን ቤይ ይመስለኛል። ከአውሮፓና ከእስያ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚገቡ በረራዎች የሚያልፉበት፣ ራዳር ያልነበረበት ሰፊ ቀዝቃዛ ባሕረ ሰላጤ ነው። በ2009 መጀመሪያ የካናዳ አየር ትራፊክ ድርጅት ናቭ ካናዳ በዳርቻው አምስት የመሬት ተቀባዮች ተከለ። ኤዲኤስ-ቢ ለተገጠመላቸው አውሮፕላኖች የመለያያ ርቀቱ ከ80 ወደ 5 ማይል ወረደ። አንድም ራዳር አልተተከለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተቀባዮቹ በነዳጅ ማውጫ መድረኮች ላይ ተሰቀሉ፤ ዝቅ ብለው የሚመላለሱት ሄሊኮፕተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በተቆጣጣሪ ስክሪን ላይ ታዩ። ሁሉም የጀመረው ደግሞ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ በአላስካ፣ በቤቴል ዙሪያ በሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበር፤ መንገድ በሌለበት አገር አውሮፕላን ታክሲም አምቡላንስም ነው።

አትላንቲክ ግን መሃሉ ላይ ምሰሶ የሚተከልበት ቦታ የለውም። መፍትሔው ተቀባዩን 780 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ መስቀል ሆነ። የኢሪዲየም ኩባንያ ያረጁትን የስልክ ሳተላይቶቹን ሊተካ ሲል ናቭ ካናዳና የአውሮፓ የአየር ትራፊክ ድርጅቶች ኤሪዮን በሚባል የጋራ ኩባንያ በኩል በእያንዳንዱ አዲስ ሳተላይት ላይ የኤዲኤስ-ቢ ተቀባይ አስገጠሙ። ከጥር 2017 እስከ ጥር 2019 በስምንት የስፔስኤክስ ማስወንጨፊያ 75 ሳተላይቶች ወጡ፤ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት 66ቱ መላውን ምድር፣ ዋልታዎቹን ሳይቀር፣ ይሸፍናሉ። እዚህ ላይ አንድ ዕድል ረድቷል። የኤዲኤስ-ቢ ድምፅ የተሠራው መሬት ላይ ላለ አድማጭ እንጂ ለጠፈር አልነበረም። ትልልቅ አውሮፕላኖች ግን ሌላ አውሮፕላን ሲቀርባቸው የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ከላይም ከታችም እንዲሰማ ተብሎ ጀርባቸው ላይ ሁለተኛ አንቴና ነበራቸው። ሳተላይቱ የሚሰማው ያንን ነው። አየር መንገዶች አዲስ ዕቃ መግዛት አላስፈለጋቸውም።

ይህ መረብ ለትራፊክ ቁጥጥር በይፋ ሥራ ሊጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እኛን በሚነካ አሳዛኝ ጉዳይ ተፈተነ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። በአሜሪካና በካናዳ ቦይንግ 737 ማክስ ይቁም ወይስ ይብረር የሚለው ክርክር ሦስት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ የካናዳው የትራንስፖርት ሚኒስትር ማርክ ጋርኖ አውሮፕላኑን ሲያግዱ የጠቀሱት ከሳተላይት የተገኘውን የከፍታ መረጃ ነበር፤ የመውጣትና የመውረዱ ሁኔታ በኢንዶኔዢያ ከወደቀው የላየን ኤር አውሮፕላን ጋር ይመሳሰል ነበር። አሜሪካም በዚያው ቀን ተከተለች። መጨናነቅን ለማቃለል የተዘረጋ መሣሪያ ለምስክርነት ቀድሞ ተጠራ።

ከዚያ ሻንዊክና ጋንደር አውሮፕላኖችን በሳተላይት መከታተል ጀመሩ። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት በሳተላይት በሚላክ ወቅታዊ ሪፖርት እስከ 40 ማይል ወርዶ የነበረው የፊትና የኋላ ርቀት እስከ 14 ማይል፣ ማለትም 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ እንዲል ተፈቀደ። የጎን ርቀቱ 19 ማይል ሆነ።

ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው ሰማዩ እንደ አውቶቡስ ታጭቆ ይታየዋል። እውነተኛው ጥቅም እሱ አይመስለኝም። ረጅም ርቀት የሚበር አውሮፕላን ሲነሳ ነዳጅ ስለተሸከመ ከባድ ነው፤ ነዳጁ እየተቃጠለ ሲሄድ ይቀልላል፣ የሚመቸውም ከፍታ እየጨመረ ይመጣል። በ34,000 ጫማ ውቅያኖስ ላይ የገባ ከሁለት ሰዓት በኋላ 36,000 ቢወጣ ነዳጅ ይቆጥባል። በድሮው ሥርዓት ይህን የሚጠይቅ አብራሪ በአብዛኛው የሚያገኘው መልስ አይቻልም የሚል ነበር። ከላዩ ሰው ስላለ ላይሆን ይችላል፤ ከላዩ ያለው የት እንደሆነ በቂ እርግጠኝነት ስለሌለ ነው። ፍጥነትም እንዲሁ ነበር፤ ሲገባ 0.82 ማክ የተባለ ውቅያኖሱን በሙሉ በ0.82 ያቋርጣል፣ ንፋሱ ቢለወጥም። ተቆጣጣሪው ማየት ሲጀምር ግን ከፍታ ለመቀየር የሚያስፈልገው ባዶ ቦታ ጠበበ፣ ፍጥነትን እንደ ሁኔታው መለዋወጥም ተፈቀደ። በመጋቢት 2022 ደግሞ ከ33,000 ጫማ ጀምሮ ወደ ታች በየቀኑ ይሰመሩ የነበሩት መስመሮች ጭራሽ ተሰረዙ፤ በዚያ ከፍታ የሚበር የየራሱን ምርጥ መንገድ ይመርጣል። ትርፉ መጠጋጋት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው መፈናፈን ነው።

አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። በመሬት ላይ 5 ማይል ከተቻለ፣ ከጠፈር የሚመጣው መረጃም ያው በየጥቂት ሴኮንዱ ከሆነ፣ አትላንቲክ ለምን 14 ላይ ቆመ? መልሱ ከሦስቱ ጥያቄዎች በሦስተኛው ላይ ነው። ተቆጣጣሪው በሴኮንዶች ውስጥ ያያል፤ መናገር ግን በሴኮንዶች ውስጥ አይችልም። በውቅያኖስ ላይ ትእዛዝ የሚሄደው በሳተላይት በሚላክ አጭር ጽሑፍ ነው። ይህ የጽሑፍ ልውውጥ የሚለካበት መስፈርት፣ ተልኮ፣ ተነቦ፣ መልሱ እስኪመጣ እስከ 240 ሴኮንድ ይፈቅዳል። ተከታትለው የሚበሩ ሁለት ጄቶች በዚያ ጊዜ የሚቀራረቡት በፍጥነታቸው ልዩነት ብቻ ስለሆነ 14 ማይል ይበቃል። 5 ለማድረግ ግን ተቆጣጣሪው እንደ መሬቱ አፉን ከፍቶ ወዲያው የሚሰማው አብራሪ ያስፈልገዋል።

አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገርም ከዚሁ ተወልዷል። ጂፒኤስ ከመምጣቱ በፊት አውሮፕላኖች በመስመራቸው ግራና ቀኝ ጥቂት ማይል ይዋልሉ ነበር። ዛሬ በመስመሩ መሃል ላይ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይበራሉ። ከመካከላቸው አንዱ በስህተት ከተሰጠው ከፍታ ቢወጣ ወይም ቢወርድ ከበላዩ ወይም ከበታቹ ያለውን በትክክል ያገኘዋል። ስለዚህ አብራሪዎች ሆን ብለው ከመስመሩ በስተቀኝ እስከ 2 ማይል ገለል ብለው እንዲበሩ ይደረጋል። ትክክለኛነት ሲበዛ በደንብ መሳት ተፈለገ።

ወደ እኛ ሰማይ ስንመጣ ታሪኩ ሌላ ነው። በአፍሪካ ብዙ ክፍል አብራሪዎች ዛሬም በ126.9 ሜጋኸርዝ ላይ ቦታቸውን፣ ከፍታቸውንና መንገዳቸውን እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ የመሬቱ ሬዲዮ ወይም ክትትል በማይታመንበት ቦታ አንዱ ለሌላው ተቆጣጣሪ እንዲሆነው የወጣ ደንብ ነው። አህጉሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች ይህን ድምፅ በደንብ ያውቁታል። የሳተላይት ክትትል ትልቁ ዋጋ እዚህ ሊሆን ይችላል፤ በየበረሃው ራዳር መትከልና መጠገን ሳያስፈልግ ሰማዩን ማየት ያስችላል። ግን ቦሌን አያሰፋም። ቦሌ ያሉት ሁለት ትይዩ መንደርደሪያዎች እጅግ ስለሚቀራረቡ እንደ ሁለት የተለያዩ ሜዳዎች በአንድ ጊዜ ሊሠሩ አይችሉም። ከፊት ያለው ትልቅ አውሮፕላን በክንፉ የሚተወው ብርቱ የአየር ሽክርክሪት እስኪበተንም የኋላው መጠበቅ አለበት። ሰማዩ ምንም ያህል ቢታይ አንድ መንደርደሪያ በሰዓት የሚቀበለው የተወሰነ ነው። በቢሾፍቱ አካባቢ አራት መንደርደሪያ ያለው አዲስ አየር ማረፊያ የታቀደውም ለዚህ ነው፤ ይህን ችግር የሚፈታው ኮንክሪት እንጂ ሳተላይት አይደለም።

የቀረው የሥርዓቱ ደካማ ጎን ነው፤ ከመነሻው አብሮት የተወለደ። ኤዲኤስ-ቢ አውሮፕላኑ ስለ ራሱ የሚናገረውን ያምናል፣ አውሮፕላኑ ደግሞ ጂፒኤስን ያምናል። ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ በምሥራቅ ሜዲትራኒያንና በመካከለኛው ምሥራቅ ሰማይ ሐሰተኛ የጂፒኤስ ምልክት መልቀቅ በረታ። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ስልካቸው ቴል አቪቭ ውስጥ ቆመው ሳለ ቤይሩት አየር ማረፊያ ነህ ሲላቸው አይተዋል፤ አውሮፕላኖችም ያንኑ ውሸት ሰምተው መልሰው ለተቆጣጣሪው አስተላልፈዋል። ራዳር ባለበት ክልል ተቆጣጣሪው ሁለቱን አነጻጽሮ ውሸቱን ይይዛል። አንዳንድ አገሮች ደግሞ ብዙ ተቀባዮችን በማራራቅ ያቆማሉ፤ ያው ድምፅ ለእያንዳንዱ የደረሰበትን ቅጽበት አወዳድረው የአውሮፕላኑን ቦታ ራሳቸው ያሰላሉ፣ እሱ ምንም ቢል። ተራሮች ራዳርን በሚጋርዱበት በኦስትሪያው ኢንስብሩክ ይህ ዘዴ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል።

ውቅያኖስ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። ሐሰተኛ ምልክት በሰማበት ክልል ያለፈ አውሮፕላን አንዳንድ መሣሪያዎቹ፣ አውሮፕላኑ አርፎ እነሱ ዳግም እስኪከፈቱ ድረስ፣ ላያገግሙ ይችላሉ። ስለዚህ ከመካከለኛው ምሥራቅ መጥቶ አትላንቲክን ለመሻገር የሚጠይቅ አብራሪ በመንገዱ የጂፒኤስ ጣልቃ ገብነት ገጥሞት እንደሆነ ከመግባቱ በፊት ለሻንዊክ እንዲያሳውቅ ይጠየቃል። ገጥሞኝ ነበር ካለና መሣሪያው ካልታመነ 14 ማይሉ ለእሱ አይሠራም፤ ተቆጣጣሪው ፊቱንና ኋላውን እንደ ድሮው በደቂቃ ይለካለታል፣ ብዙ ጊዜም ማንም ያልፈለገውን ዝቅተኛ ከፍታ ይሰጠዋል።